ሁለት ገመድ ሲጣመር፦ ስለ ሊንክ አግሪጌሽን የቀረበ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ ወጥታችሁ፣ የማታውን የመንገድ ጭንቅንቅ ተቋቁማችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የዛሬው ርእሳችን ሊንክ አግሪጌሽን ነው፤ ማለትም በሁለት ስዊቾች (ኮምፒውተሮችን በገመድ የሚያገናኙ መሣሪያዎች) ወይም በስዊችና በሰርቨር መካከል ያሉ ገመዶችን አጣምሮ እንደ አንድ ማሠራት። አብዛኞቻችሁ አንድ ጊዜም ቢሆን ሠርታችሁታል። የሲስኮ ስዊች ላይ ከሆነ ሁለት ፖርት (የገመድ መሰኪያ) መርጦ «ቻነል-ግሩፕ 1 ሞድ አክቲቭ» ብሎ መጻፍ ነው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አምስት ደቂቃ ስለማይፈጅም ነው ማንም ቁጭ ብሎ የማያስብበት።

ክርክሬን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ሁለት ባለ 1 ጊጋ ገመድ ብታጣምሩ ባለ 2 ጊጋ ገመድ አላገኛችሁም። ያገኛችሁት ሁለት ባለ 1 ጊጋ ገመድ እና ከሁለቱ አንዱን የሚመርጥ ስሌት ነው። ማዋቀር የምንለው ሥራ ሁለት ነገር ነው፦ ያ ስሌት በእናንተ ትራፊክ ላይ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ፣ ከዚያም አንዱ ገመድ ሲታመም ሁለቱም ጫፎች በጊዜ እንዲነቁ ማድረግ። ትእዛዙን ማንም ይጽፈዋል።

አመጣጡን ባጭሩ ልንገራችሁ። ኤተርኔት ፍሬም ላይ፣ ማለትም በገመዱ በሚሄደው የመረጃ ጥቅል ላይ፣ የዕድሜ ገደብ የለም። የአይፒ ፓኬት በየራውተሩ ዕድሜው እየቀነሰ ይሞታል፤ ፍሬም ግን ዙር ካገኘ ሲዞር ይኖራል። ለዚህ ነው ራዲያ ፐርልማን እ.ኤ.አ. በ1985 ስፓኒንግ ትሪን የፈጠረችው፤ ትርፍ መንገድ ካለ ይዘጋዋል። ችግሩ በሁለት ስዊች መካከል ሁለት ገመድ ብትዘረጉ አንዱ ሥራ ፈትቶ መቀመጡ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ካልፓና የተባለ የስዊች ኩባንያ ሁለቱን እንደ አንድ ፖርት የሚያስቆጥር ዘዴ አመጣ፤ ሲስኮ በ1994 ኩባንያውን ገዛው፣ ኢተርቻነል የሚለው ስምም አብሮ ሄደ። ለሁሉም አምራች የሚሠራው ደረጃ 802.3ኤዲ የጸደቀው በ2000 ነው። በ2008 ወደ 802.1ኤኤክስ ተዛውሯል፤ ሊኑክስም የራውተር አምራቹ ማይክሮቲክም ግን ዛሬም በማዋቀሪያቸው ላይ የሚጽፉት የድሮውን ስም ነው። ሁዋዌ ደግሞ ይህንኑ ነገር ኢት-ትራንክ ይለዋል፤ ሲስኮ ላይ ትራንክ ቪላኖችን (በስዊቹ ላይ የተከፋፈሉ ንዑስ ኔትወርኮችን) የሚያሳልፍ ፖርት ስለሆነ፣ ሁለት ባለሙያዎች በስልክ ሲነጋገሩ መጀመሪያ የትኛውን ትራንክ ማለታቸው እንደሆነ ይግባቡ።

ወደ ስሌቱ ልግባ፤ ጊዜዬን የምወስደው እዚህ ላይ ነው።

ስዊቹ ፍሬሞችን ተራ በተራ፣ አንዱን በዚህ አንዱን በዚያ ለምን አይልክም? ቅደም ተከተላቸው እንዳይዛባ ነው። የሠርግ አጀብ አስቡ። መኪኖቹን ግማሹን በቀለበት መንገድ፣ ግማሹን በመሀል ከተማ ብትልኩ ሚዜዎቹ ደርሰው ሙሽሮቹ መንገድ ላይ ይቀራሉ። ስለዚህ አንድ አጀብ በአንድ መንገድ ይሄዳል፤ ሌላው ሠርግ በሌላው መንገድ ሊሄድ ይችላል። ስዊቹም የአንድን ግንኙነት ፍሬሞች ሁሉ በአንድ ገመድ ይልካል። ቲሲፒ (መረጃው ሳይጎድል መድረሱን የሚቆጣጠረው ደንብ) ፓኬቶች ተዘበራርቀው ሲደርሱት አንዳንዱ የጠፋ ይመስለውና ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ታዲያ የትኛው ግንኙነት በየትኛው ገመድ ይሂድ? ስዊቹ ከፍሬሙ ራስ ላይ አድራሻዎችን ያነባል፤ እንደ ምርጫችሁ የማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱ መለያ)፣ የአይፒ አድራሻ ወይም የቲሲፒና የዩዲፒ ፖርት ቁጥር (የገመድ መሰኪያ ሳይሆን የግንኙነቱ መለያ ቁጥር) ይሆናል። በቀላሉ መልኩ የላኪውንና የተቀባዩን አድራሻ የመጨረሻ ቢት ያነጻጽራል፤ ተመሳሳይ ከሆኑ ውጤቱ 0፣ ከተለያዩ 1። ሰርቨራችሁ አድራሻው በ10 የሚያልቅ ከሆነ፣ አድራሻቸው በተጋማሽ ቁጥር የሚያልቅ ኮምፒውተሮች በመጀመሪያው ገመድ፣ በኢተጋማሽ የሚያልቁት በሁለተኛው ይሄዳሉ ማለት ነው። አዳዲሶቹ ቺፖች ከዚህ የተወሳሰበ ስሌት አላቸው፤ ጠባያቸው ግን አንድ ነው። ስሌቱ የትኛው ገመድ እንደተጨናነቀ አያይም። አድራሻ ብቻ ያያል።

ከዚህ ብዙ ነገር ይከተላል። የሲስኮን የድሮ ካታሊስት ስዊቾች ውሰዱ። ውጤቱን በስምንት ክፍል ያስቀምጡና ለገመዶቹ ያካፍሉታል። ሁለት፣ አራት ወይም ስምንት ገመድ ከሆነ እኩል ይደርሳል። ሦስት ገመድ ካጣመራችሁ ግን ድርሻው 3፣ 3 እና 2 ነው። አምስት ከሆነ ሦስቱ ሁለት ሁለት ክፍል ሲይዙ ሁለቱ አንድ አንድ ይደርሳቸዋል። «ሦስተኛ ገመድ ጨምረን ለውጡ ያሰብነውን ያህል አይደለም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ይህን ቁጠሩለት።

ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። ካታሊስት 2960 እና 3750 ከፋብሪካ ሲወጡ የሚያሰሉት በላኪው ማክ አድራሻ ብቻ ነው። አሁን የተለመደ የቢሮ ኔትወርክ አስቡ፤ መሀል ላይ ቪላኖችን የሚያገናኝ ኮር ስዊች፣ በየፎቁ ኮምፒውተሮቹ የሚሰኩበት አክሰስ ስዊች፣ በመካከላቸው ሁለት ሁለት ገመድ። ከተጠቃሚው ወደ ኮር የሚወጣው ትራፊክ ላኪው ብዙ ኮምፒውተር ስለሆነ በሁለቱም ገመድ ይከፋፈላል። ከኮር ወደ ፎቁ የሚወርደውስ? ኮሩ ከቪላን ወደ ቪላን ሲያሻግር በፍሬሙ ላይ የራሱን ማክ አድራሻ ይጽፋል። ከኢንተርኔትም ይምጣ ከሰርቨር፣ ላኪው ሁልጊዜ አንድ አድራሻ ነው። ስሌቱም ሁልጊዜ አንድ መልስ ይሰጣል። ሰው ደግሞ የሚያወርደው ከሚጭነው ይበልጣል። እናም ወደ ታች አንዱ ገመድ ታንቆ ሌላው ባዶውን ይውላል። ግራፉ ላይ ጥምሩን በአንድ ላይ ካያችሁት «50 በመቶ፣ ምንም ችግር የለም» ይላችኋል። የየገመዱን ግራፍ ለየብቻ እዩ።

መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው፤ ኮሩ ላይ «ፖርት-ቻነል ሎድ-ባላንስ ኤስአርሲ-ዲኤስቲ-አይፒ»፣ ማለትም በላኪውም በተቀባዩም አይፒ አስላ። በእነዚህ ስዊቾች ላይ ይህ ትእዛዝ ለመላው ስዊች የሚሠራ እንጂ ለአንድ ጥምር ብቻ እንዳልሆነ አትርሱ። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፦ እያንዳንዱ ጫፍ የሚወስነው ራሱ ስለሚልከው ብቻ ነው። አንዱ በማክ፣ ሌላው በአይፒ ቢያሰላ ስሕተት አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ትክክለኛው እንደዚያ ማድረግ ነው። ሁለቱ ጫፎች ስሌታቸው አንድ መሆን አለበት የሚባለው ተረት ነው።

ሦስተኛው ባንኮችንና ትልልቅ መሥሪያ ቤቶችን የሚነካ ነው። ዋናው ዳታ ሴንተር እና የመጠባበቂያው ዳታ ሴንተር በአንድ የአይፒሴክ ተነል (ትራፊኩን አመስጥሮና ጠቅልሎ በሚያሳልፍ መስመር) ተገናኝተዋል እንበል። በተነሉ ውስጥ ሺህ ዓይነት ግንኙነት ይኖራል፤ በመንገድ ላይ ያለው ስዊች የሚያየው ግን የውጪውን ሁለት አድራሻ ብቻ ነው። ሁለት አድራሻ፣ አንድ መልስ፣ አንድ ገመድ። በዚህ ጊዜ አራት ገመድ ብታጣምሩ ለአደጋ ጊዜ መጠባበቂያ አገኛችሁ እንጂ ፍጥነት አልጨመራችሁም። ፍጥነት ከፈለጋችሁ ተነሉን አብዙት። የቅርንጫፎች ተነል ግን እያንዳንዱ የራሱ አድራሻ ስላለው እርስ በርስ ይከፋፈላል።

የሌሊት ባክአፕም እንዲሁ ነው። አንድ ሰርቨር ወደ አንድ ማከማቻ በአንድ ግንኙነት የሚልክ ከሆነ 1 ጊጋ ላይ ይቆማል። በሴኮንድ ከ110 ሜጋባይት ትንሽ አለፍ ብሎ ሲቀር «ጥምሩ አልሠራም» ብላችሁ ስዊቹን አታስጨንቁት፤ ሠርቷል። ማከማቻችሁ አይስካዚ (ዲስክን በኔትወርክ የሚያቀርብ) ከሆነ ከማጣመር ይልቅ መልቲፓዝ፣ ማለትም ሰርቨሩ ራሱ በየገመዱ ለየብቻ መላኩ፣ ይሻላል፤ ዊንዶውስ ከሰርቨር 2012 ጀምሮ ያለው የፋይል ማጋሪያ ኤስኤምቢ መልቲቻነልም አንዱን ዝውውር ራሱ በበርካታ ግንኙነት ይከፍለዋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳይ፣ ወደ መነቃቃቱ።

ጥምር በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው ያለ ድርድር ነው፤ ሲስኮ «ኦን»፣ ሁዋዌ «ማኑዋል» ይሉታል። ፖርቱ መብራቱ በርቶ ከሆነ አባል ነው፣ አለቀ። ሁለተኛው ኤልኤሲፒ ነው፤ ሁለቱ ጫፎች በየገመዱ መልእክት ይለዋወጣሉ፣ ማን እንደሆኑና የትኛው ጥምር ውስጥ እንዳሉ ይነጋገራሉ። አንዱ ጫፍ «አክቲቭ» ከሆነ ሌላው «ፓሲቭ» ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ፓሲቭ ከሆኑ ሁለቱም ጥሪ ሲጠብቁ ይኖራሉ፣ ጥምሩም አይፈጠርም። እኔ ሁለቱንም አክቲቭ አደርጋለሁ፤ ፓሲቭ የሚጠቅምበት ቦታ ብዙ አላየሁም።

ያለ ድርድር ለምን አልወድም? በከተማችን ሕንፃን ከሕንፃ የሚያገናኘው ብዙ ጊዜ ፋይበር ነው፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ደግሞ ፋይበሩን ወደ መዳብ ገመድ የሚቀይር ሚዲያ ኮንቨርተር ይቀመጣል። ወዲያ ማዶ ያለው ኮንቨርተር መብራት ጠፋበት እንበል። ወዲህ ያለው ኮንቨርተር ግን ኃይል ስላለው፣ የፋይበሩን መቋረጥ ወደ መዳቡ ጫፍ እንዲያሳልፍ ካልተደረገ በቀር፣ ከእናንተ ስዊች ጋር ያለውን ሊንክ እንዳበራ ይቀጥላል። ስዊቹም ገመዱ ደኅና ነው ብሎ ግማሹን ትራፊክ እዚያ ውስጥ ይጥለዋል። ማይክሮዌቭ ሬዲዮም ይህንኑ ያደርጋል። ኤልኤሲፒ ካለ ግን ከማዶ መልእክት ስለማይመጣ ፖርቱ ከጥምሩ ይወጣል።

መቼ ይወጣል? መደበኛው ቀርፋፋ ነው፤ በየ30 ሴኮንዱ አንድ መልእክት፣ ሦስት ካመለጠ ማለትም በ90 ሴኮንድ መውጣት። ፈጣኑ በየሴኮንዱ ልኮ በ3 ሴኮንድ ያስወጣል። 90 ሴኮንድ ለወረቀት ሥራ ምንም አይደለም፤ ወረፋ ላይ የቆሙ ደንበኞች ላሉት የባንክ መስኮት ግን ረጅም ነው። ያም ሆኖ ፈጣኑን በየቦታው አትልበሱት። የስዊቹ ፕሮሰሰር ደካማ ከሆነ ወይም ሶፍትዌር ሲታደስ ለጥቂት ሴኮንድ ዝም ካለ፣ ጤነኛ ጥምር ይፈርስባችኋል። ገመዱ ከስዊች ወደ ስዊች በቀጥታ የሚሄድ ከሆነ ሲቆረጥ መብራቱ ወዲያው ስለሚጠፋ ቀርፋፋው ይበቃል። ፈጣኑ በመሀል ኮንቨርተር፣ ሬዲዮ ወይም የሌላ ድርጅት መስመር ላለበት ነው።

ያለ ድርድር ሁለተኛ ጣጣ አለው፤ አንዱ ጫፍ ተጣምሮ ሌላው ሳይጣመር ሲቀር። የተጣመረው ጫፍ ብሮድካስት (ለሁሉም የሚላክ ፍሬም) በአንደኛው ገመድ ይልካል። ያልተጣመረው ስዊች ሁለቱን ፖርቶች እንደ ሁለት የተለያዩ ፖርቶች ስለሚያይ፣ በአንዱ የገባውን በሌላው መልሶ ይልከዋል። የተጣመረው ደግሞ የራሱ ኮምፒውተር ከማዶ ሲመጣ ያያል፤ የማክ ሰንጠረዡ (የትኛው አድራሻ በየትኛው ፖርት እንዳለ የሚይዝበት) ይዘባረቃል። ሎጉ ላይ አንድ ማክ አድራሻ ከፖርት ወደ ፖርት ሲዘል ካያችሁ መጀመሪያ የምትፈትሹት ይህን ነው። ኤልኤሲፒ ላይ ግን ተደራዳሪ ያላገኘ ፖርት እንደ ስዊቹ ዓይነት ወይ ይታገዳል ወይ ለብቻው ይቆማል፤ ለብቻው ከቆመም ስፓኒንግ ትሪ ይይዘዋል።

የተለያየ አምራች ስታገናኙ የሚያስቸግረው የፋብሪካ ምርጫ ነው። ኢት-ትራንክ ስትፈጥሩ ሁዋዌ በማኑዋል ይጀምራል፤ «ሞድ ኤልኤሲፒ» ማለት የእናንተ ፋንታ ነው። ማይክሮቲክ ላይ ቦንዲንግ (ጥምሩን የሚጠራበት ስም) ስትፈጥሩ የሚሰጣችሁ ባላንስ-አርአር ነው፤ ሊኑክስም ሞድ 0 ብሎ ይህንኑ ያደርጋል። ይህ ቅድም አጀቡን ይበትናል ያልነው ተራ በተራ የመላክ ዘዴ ነው። ሁለቱንም ወደ 802.3ኤዲ ቀይሩ፣ የስሌቱንም ፖሊሲ ከሌየር 2 (ከማክ አድራሻ ብቻ) አውጡት። ቨርቹዋል ማሽኖችን በሚያስኬደው ቪኤምዌር ላይ መደበኛው ቨርቹዋል ስዊች ኤልኤሲፒ አይናገርም፤ የሚናገረው ዲስትሪቢዩትድ የሚባለው ነው፣ እሱም ከስሪት 5.1 ጀምሮ። መደበኛውን የምትጠቀሙ ከሆነና ምርጫውን ካልነካችሁት ስዊቹ ላይ ጭራሽ ጥምር አትሥሩ። ቨርቹዋል ማሽኖቹን ራሱ በየገመዱ ያከፋፍላቸዋል።

የሥራው ቅደም ተከተል ቀላል ነው፣ ግን ይታለፋል። በሥራ ላይ ያለ መስመር ከሆነ አንዱን ገመድ ብቻ አስቀሩ፣ ሌሎቹን ፖርቶች ዝጉ፣ ሁለቱንም ጫፍ አዋቅሩ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ክፈቱ። ርቀት ላይ ሆናችሁ ከሆነ ሁልጊዜ ከሩቁ ጫፍ ጀምሩ። አባል ፖርቶች ፍጥነታቸው፣ የሚያሳልፉት ቪላን እና ኔቲቭ ቪላናቸው (መለያ የሌለው ፍሬም የሚገባበት) አንድ መሆን አለበት። ጥምሩ ከቆመ በኋላ ለውጥ ሁሉ በጥምሩ ላይ ይደረግ እንጂ በአባሉ ላይ አይደረግ፤ አንዱ አባል ላይ ብቻ ቪላን የጨመረ ሰው ያንን ፖርት ከጥምሩ ያስወጣዋል።

ሲያበቃ መብራት አይታችሁ አትሂዱ። ሲስኮ ላይ «ሾው ኢተርቻነል ሰመሪ» ብላችሁ ከየፖርቱ አጠገብ «ፒ» መኖሩን እዩ። ሁዋዌ ላይ «ዲስፕሌይ ኢት-ትራንክ» እያንዳንዱን አባል «ሰሌክትድ» ማለት አለበት። ሊኑክስ ላይ የቦንዲንጉን ፋይል ክፈቱ፤ የማዶው ማክ አድራሻ ሙሉ በሙሉ ዜሮ ከሆነ ስዊቹ ኤልኤሲፒ እያወራላችሁ አይደለም፣ የአባላቱ አግሪጌተር (የጥምር) ቁጥር ከተለያየም አልተጣመሩም። ከዚያ አንዱን ገመድ ንቀሉ። ፒንጉ እየሄደ ይንቀሉት። ሌላውንም እንዲሁ። ነቅሎ ያልሞከረ ሰው ጥምር አለኝ ባይል ይሻላል።

ኤልኤሲፒ የማይይዘው አንድ በሽታ አለ። ገመዱ አልተቆረጠም፣ ግን ተበላሽቷል፤ ፋይበሩ ቆሽሿል ወይም ሞጁሉ ደክሟል፣ ከመቶ ፍሬም ጥቂቱን ያበላሻል። የኤልኤሲፒ መልእክት ትንሽና አልፎ አልፎ የሚላክ ስለሆነ ይደርሳል፣ ፖርቱም አባል እንደሆነ ይቆያል። ተጠቃሚው ጋ ምልክቱ አስቂኝ ነው፤ አንዱ ጠረጴዛ ላይ ይሠራል፣ አጠገቡ ያለው ላይ አይሠራም። ስሌቱ ፖርት ቁጥርንም የሚያይ ከሆነ ደግሞ አንድ ገጽ አልከፈት ብሎ ሪፍሬሽ ሲሉት ይከፈታል፤ አዲሱ ግንኙነት አዲስ የፖርት ቁጥር ይዞ በጤነኛው ገመድ ስለሄደ ነው። እርዳታ ክፍሉም «ሪስታርት አድርጉት» ይላል፣ እግዜር ይስጠው አንዳንዴም ይሠራለታል! ግማሹ የሚሠራ ግማሹ የማይሠራ ነገር ስትሰሙ የእያንዳንዱን አባል የሲአርሲ ስሕተት (ተበላሽተው የደረሱ ፍሬሞች) ቆጣሪ እዩ። የተጠረጠረውን ፖርት ዘግታችሁ ችግሩ ከጠፋ አገኛችሁት። ሲስኮ ላይ «ቴስት ኢተርቻነል ሎድ-ባላንስ» ብላችሁ ሁለት አድራሻ ብትሰጡት በየትኛው ገመድ እንደሚሄዱ ይነግራችኋል፤ ይህ ትእዛዝ ብዙ ሰዓት ይቆጥባል።

ስለ መጠንም አንድ ሒሳብ። ሁለቱ ገመዶች እያንዳንዳቸው 70 በመቶ ከሞሉ አንዱ ሲቆረጥ የቀረው 140 በመቶ ተሸከም ይባላል፤ አይችልም። ጥምሩን ለአደጋ ብላችሁ ከሠራችሁት የሁለቱ ድምር ከአንዱ አቅም አይለፍ። ከአራት ገመድ ሦስቱ ቢበላሹ በአንዷ ከመንፈራገጥ ሌላ መንገድ ያላችሁ ከሆነ ደግሞ ዝቅተኛውን የአባል ቁጥር ወስኑለት፤ ከዚያ በታች ሲወርድ ጥምሩ ራሱን ይዘጋና ትራፊኩ በሌላው መንገድ ይሄዳል። ሁለቱ ፋይበሮች በአንድ ቦይ ካለፉ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። መንገድ በሚቆፈርበት ከተማ አንድ ኤክስካቫተር ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያነሳቸዋል።

ጥያቄ አለ? እሺ፣ እዚያ ከኋላ።

ወንድማችን የጠየቀው አንዱን ገመድ ወደ አንድ ስዊች፣ ሌላውን ወደ ሌላ ስዊች አድርጎ ማጣመር ይቻላል ወይ ነው። ይቻላል፣ ሁለቱ ስዊቾች አንድ መስለው ከቀረቡ። አንዱ መንገድ ስታክ ነው፣ ስዊቾቹን አገናኝቶ እንደ አንድ ማስተዳደር። ሌላው የሲስኮ ኔክሰስ ቪፒሲ፣ ሁዋዌ ደግሞ ኤም-ላግ የሚሉት ነው፤ ማይክሮቲክም ከራውተርኦኤስ 7 ወዲህ በአንዳንድ ስዊቾቹ ላይ አምጥቶታል። ሁለቱ ስዊቾች ለኤልኤሲፒ አንድ መታወቂያ ያሳያሉ፣ ከታች ያለው ሰርቨር ከአንድ ስዊች ጋር የሚነጋገር ይመስለዋል። ጥንዶቹ ግን ከአንድ አምራች መሆን አለባቸው። ሁለቱን የሚያገናኘው መስመር ተቆርጦ ሁለቱም «ዋናው እኔ ነኝ» እንዳይሉ ደግሞ የመተያያውን ሁለተኛ መስመር በሌላ መንገድ አሳልፉት።

እህታችን፣ ቀጥይ። አዎ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። አንድ ባለ 10 ጊጋ ገመድ ላይ የነበረውን ባለ 1 ጊጋ ጨምረን 11 እናድርገው ወይ ነው። አይሆንም። የተለያየ ፍጥነት ያላቸው ፖርቶች በአንድ ጥምር አብረው አይሠሩም፤ ስዊቹ አንዱን ውጪ ይተወዋል። ቢቀበልላችሁ እንኳ ስሌቱ አቅም ስለማያይ ከትራፊኩ ግማሹን በባለ 1 ጊጋው ላይ ይጭነዋል። የ10 ጊጋውን ለብቻው ተጠቀሙበት፤ ባለ 1 ጊጋውን ስፓኒንግ ትሪ ዘግቶ ለክፉ ቀን ያቆይላችሁ።